የአሸዋው ከረጢት ስፌት

ማክሰኞ

«እትዬ፣ ብቻዎን ነዎት?» አለኝ ሰይድ በስልክ። ሰይድ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ሞጣ ላይ ከልጄ ጋር ፎቶ ቤት ከፍተዋል። ሰላምታውን ሳያደርስ ወሬ ጀምሮ አያውቅም። ብቻዬን መሆኔን ስነግረው ዘጋው።

ትንሽ ቆይቶ ጎረቤቴ የኔነሽ ገባች። ከኋላዋ የእድሩ ዳኛ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። አፏን ሳትከፍት ገባኝ።

ይበልጣል። ልጄ። ትናንት ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር፣ ፎቶ ሲያነሳ ኤሌክትሪክ ያዘው። ሌላ አልነገሩኝም።

ረቡዕ

እዚሁ ቢቸና ቀበርነው። አስከሬኑን ይዞ የመጣው ሰይድ ነው። ልጠይቀው ስቀርብ መሬት ላይ ተቀምጦ ፊቱን ሸፈነ። ወዲያው ለፖሊስ ቃል ስጥ ተብሎ ተመለሰ።

ድንኳኑ ውስጥ ሴቶች ያንሾካሹካሉ። «የዋና ልብስ የለበሱ ሴቶች ሲያነሳ ነው አሉ።»
«ስንት ሥራ ሞልቶ!»

ሐዘን ጆሮ አይደፍንም። ሰማሁ። እኔ እንደሆነ ድሮም አውቃለሁ፤ ሳይሄድ ነግሮኛል። «ልብሱን የሚሸጥ ነጋዴ ነው ያዘዘን፤ እንዳታፍሪብኝ እማ» አለኝ። ልብሱን ለብሳ የምትነሳው ልጅ ሲመሽ ውኃ ውስጥ እንደምትቆም ሲነግረኝ፣ «እሷንም የወለደች እናት አለቻት፤ ብርድ እንዳይመታት ቶሎ ጨርስ» አልኩት። ሳቀብኝ።

ሐሙስ

ዛሬ የሰማሁትን ለማንም አልነገርኩም። እዚህ ልጻፈው።

ከሞጣ የመጣ ለቀስተኛ ለእድሩ ዳኛ ያወራል፤ «መብራቱን ነፋስ ጣለው። ማቆሚያው ላይ የሚንጠለጠለው የአሸዋ ከረጢት ስፌቱ ተተርትሮ ነው ይላሉ።»

ከረጢቱን የሰፋሁት እኔ ነኝ።

ሁለት ነበሩ። ልጄ «መብራቶቹ ላይ ጃንጥላ አለ፤ ነፋስ ሲያገኘው ማቆሚያውን ይጥለዋል። ከባድ ነገር ካልተንጠለጠለበት አይቆምም» ብሎኝ ከሸራ ሰፋሁለት። ሁለተኛውን ስጨርስ ጥቁሩ ክር አለቀብኝ። ሱቅ ልሂድ ብል ሰነፍኩ። ጫፉን በቀይ ክር ጨረስኩት። ቀዩ ቀጭን ነው። ቀጭን መሆኑን አውቅ ነበር።

ዓርብ

ሰልስት። መቃብሩ ላይ ሁሉም አለቀሰ፤ እኔ ስለ ክር አስብ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ቤት ስገባ የተረፈውን ሸራና ቀዩን ክር አወጣሁ። ሰፋሁ። አፈር ሞልቼ ምሰሶው ላይ ሰቀልኩት። በሁለት እጄ ተንጠለጠልኩበት። ያዘ። ደግሜ ጎተትኩ። ያዘ።

የኔነሽ ደረሰችብኝ። «ምን ሆነሻል እቴ? በሰልስት መርፌ ይያዛል?»
«ተይኝ።»
«አበደች ያሰኝሻል።»
«ይበሉኛ!»

ይሄ ያዘ ማለት ያኛው ይዞ ነበር ማለት አይደለም።

ቅዳሜ

ሰይድ ደወለ። ነገ ይመጣል። ዕቃውንም ፖሊስ መልሶለታል። «ከረጢቱስ?» ልል ስል ስልኩን ዘጋሁት።

እንቅልፍ የለም። ከተተረተረ ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ። ለንስሐ አባቴ እንኳ እንዴት ብዬ ነው የምናገረው?

እሑድ

ከሞጣው መኪና ሁለት ሆነው ወረዱ። ሰይድና አንዲት ጥቁር የለበሰች ልጅ። ሜሮን ትባላለች። ውኃ ውስጥ የቆመችው እሷ ነበረች። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። መጀመሪያ ተነስታ ቦታ የለቀቀችላት የኔነሽ ናት። «ተቀመጪ ልጄ፣ መንገደኛ ነሽ» አለቻት።

ሰይድ ከረጢቶቹን እግሬ ሥር አስቀመጠ። ሁለቱንም ከነአሸዋቸው። ቀዩን ክር በጣቴ ተከተልኩት። ከጫፍ እስከ ጫፍ። የራሴን ስፌት አውቀዋለሁ። አንድም አልተፈታም።

«ታዲያ እንዴት ወደቀ?» አልኩ።

«ከረጢቱ አልነበረበትም እትዬ» አለ ሰይድ። «ፀሐይ ጠልቃ ሰማዩ ሰማያዊ የሚሆነው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ያ ሳያልፍ መብራቱን ወደ ውኃው ላስጠጋ ብሎ ከረጢቱን አወረደው። መልሶ ሳይሰቅለው ነፋሱ መጣ።»

መብራቱ ወደ ልጅቷ ሲያዘነብል «ውጪ!» ብሎ ጮኸባት፤ ራሱ ዘሎ ያዘው። እሷ ወጣች። እሱ ከነመብራቱ ውኃው ውስጥ ገባ።

የአራት ቀን ድንጋይ ከደረቴ ወረደ። ከረጢቱን አቅፌ አለቀስኩ፤ ገና አሁን ለልጄ አለቀስኩ።

ሜሮን ልታጽናናኝ ጉልበቴን ይዛ፣ «ደግ ልጅ ነበር» አለች። «ስንቀጠቀጥ አይቶ፣ ‹አይዞሽ፣ እናቴ ብርድ እንዳይመታት ቶሎ ጨርስ ብላኛለች› አለኝ። ከረጢቱን ያወረደውም ያኔ ነው።»

ምን ታውቃለች? ፀጉሯን ዳበስኩላት። እጇ ይሞቃል።

ክሩ አልነበረም። «ቶሎ ጨርስ» ያልኩት ቃሌ ይሁን አይሁን አላውቅም። የሚያውቀው አንድ ነው።

ይህን ደብተር የምታነቡ ሁሉ፣ የልጄ የክርስትና ስም ገብረ ማርያም ነው። ፀሐይ ጠልቃ ሰማዩ ሳይጨልም፣ በዚያች ጥቂት ደቂቃ፣ በጸሎታችሁ ጥሩልኝ። አትቸኩሉ።