ማሰሮዬ ጉባኤ ገባች

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

እንድሪስን ጤና ጣቢያ ይዤው ሄጄ መጣሁ። ስኳሩ ሦስት መቶ አርባ! ነርሷ ውጤቱን አይታ፣ "ጋሼ፣ ጣፋጭ ይወስዳሉ እንዴ?" አለችው። "ወላሂ አልቀምስም" አለ። ዞራ እኔን አየችኝ። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን።

መርፌውን ጠዋት ማታ ይወጋል፣ ዓይኔ እያየ። ታዲያ ስኳሩ ከየት ይመጣል? ከሰማይ ይወርዳል?

መንገድ ላይ ተጣላን። "የት ነው የምትበላው? ሻይ ቤት ነው? ቴምር ፍለጋ በርበሬ በረንዳ እየሄድክ ነው?" ዝም። ባሌ ሲናደድ ዝም ነው የሚለው። እኔ ደግሞ ዝም ያለ ሰው ሲያጋጥመኝ ይብስብኛል።

አምና መንገዱን ሁሉ ዞሬ አስጠንቅቄ ነበር። ሻይ ቤቱን፣ ቴምር ሻጩን፣ ብስኩት አከፋፋዩን… "ለእንድሪስ ጣፋጭ እንዳትሰጡት፣ ደብቆ ይበላል" ብዬ። ያን ሰሞን ከአፍረቱ የተነሳ ከሱቅ አልወጣም ነበር። ይፈር! ዓይኑ ከሚጠፋ ይፈር። ግራ ዓይኑ የጠመኔ መስመር ማየት ትቷል። ልብስ ቆራጭ መስመሩን ካላየ ምን ሊቆርጥ ነው? ጣቱን?

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ሥራ መጣ። ስብሰባ የምታዘጋጀዋ ልጅ፣ ኢየሩስ። "እትዬ ምስራ፣ ሦስት መቶ ቦርሳ፣ ከኅዳር አራት በፊት ይድረሱልኝ።" የስኳር በሽታ ተመራማሪዎች ጉባኤ ነው አለች፣ ትልቅ ሆቴል ውስጥ። ሳቄ መጣ። "እኔ ቤት አንድ አለልሽ፣ መጥታችሁ ለምን አትመራመሩትም?" አልኳት። ሳቀች። ጥሩ ልጅ ናት።

ፊት ለፊቱ ላይ ሥዕል፣ ጀርባው ላይ ጽሑፍ። ነገ በቴሌግራም ትልካለች።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ሥዕሉ መጣ።

ማሰሮዬ ናት!

አፏ በግራ በኩል የተሸረፈ፣ አንገቷ ላይ ሽቦ የተጠመጠመባት። ሽቦውን የጠመጠምኩት እኔ ነኝ፣ የተሰነጠቀች ጊዜ። ከምን አለሽ ተራ ያመጣሁት ሽቦ። ከላይዋ ላይ "ቀዝቃዛ ኢንሱሊን በየቤቱ" ተብሎ ተጽፏል።

ፍሪጅ የለንም። ኢንሱሊኑን እርጥብ አሸዋ በሞላ ማሰሮ ውስጥ ነው የምናስቀምጠው፣ ሱቃችን ቆጥ ላይ፣ ደንበኛ እንዳያይብን። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ዶክተር ሱፍያን የሚባል መጣ። "የራጉኤል ጀርባ ልጅ ነኝ" አለን። እንዴት ደስ አለን! የእኛው ልጅ ዶክተር ሆኖ። ማሰሮዋን ፎቶ አነሳ። አዝራር የምታክል ሙቀት የምትመዘግብ ነገር አሸዋው ውስጥ ቀበረ፣ ወር ቆይቶ መጥቶ ወሰዳት። "ማሰሮዋ ታቀዘቅዛለች ወይስ አታቀዘቅዝም የሚለውን እመጣና እነግራችኋለሁ" አለ። እንድሪስ መረቀው። መጣ? ወፍ የለም።

ጀርባው ደግሞ ባሰ። "የሚቀጥሉ ዓውደ ጥናቶችና ጉባኤዎች" ይላል። ኅዳር አዲስ አበባ። ጥር ሐዋሳ። መጋቢት ናይሮቢ። ሰኔ ኪጋሊ። ከየከተማው ሥር፣ "ዶክተር ሱፍያን፣ የሸክላ ማሰሮ ጥናት ውጤት"። ማሰሮዬ ኪጋሊ ልትሄድ ነው! እኔ ቢሾፍቱን እንኳ ካየሁ ስንት ዓመቴ…

ስለዚህ ውጤቱ አለ። ለናይሮቢ ሰው ይነገራል። ለእኔ አይነገርም።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ባታቀዘቅዝስ?

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

ብልቃጡን ይዤ ጤና ጣቢያ ሮጥኩ። ነርሷ ወደ ብርሃን አድርጋ አየችው። "በዓይን አይታወቅም እትዬ። ግን ሸክላ ጥሩ ነው፣ ፍሪጅ የሌላቸው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት።" አዲስ ስጪኝ ብላት የሚቀጥለው በኅዳር መጨረሻ ነው አለችኝ።

ሸክላ ጥሩ ከሆነ… እንግዲህ ይበላል ማለት ነው። ማታ ኪሱን ፈተሽኩ። ምንም የለም። ጎበዝ ነው ደባቂው።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ሱፍያን ጋ ደወልኩ። አያነሳም። መልእክት መጣ፦ "ይቅርታ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ።" ከሰዓት ደወልኩ። "ይቅርታ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ።" ይህ ሰው ስብሰባ ላይ ነው እንዴ የሚያድረው?

ኢየሩስን ለመንኳት። የጉባኤው ቀን አስገቢኝ፣ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ልስማ።

"እትዬ ምስራ፣ የሚገባው የተመዘገበ ሰው ብቻ ነው። እኔንም ያባርሩኛል።"

"የማሰሮዋ ፎቶ ገብቶ ባለቤቷ አትገባም?"

"ይገባኛል፣ ግን…"

ግን። ሁልጊዜ ግን።

እንድሪስ ደግሞ፣ "ተይው ምስራ፣ ሥራ በዝቶበት ይሆናል" ይለኛል። ዶክተሩን ትቼ እሱ ላይ ጮህኩበት። አንተ ባትደብቀኝ እኔ የሰው ልጅ እለምን ነበር? አልኩት። ተነስቶ ወጣ። ሲወጣ ትከሻው የበሩን መቃን መታው፣ በግራ በኩል።

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ

የተሰፋውን ወደ አታሚው ሙስዓብ ወሰድኩ። መጀመሪያ ለናሙና አንድ አተመና አሳየኝ። አምሯል። ማሰሮዬ ታምራለች፣ ሽቦዋ ሳይቀር።

ጀርባውን ገለበጥኩና ቆምኩ። አዲስ አበባ፣ ሐዋሳ፣ ናይሮቢ፣ ኪጋሊ። መርካቶ የለችም። ማሰሮዋ ያለችበት ቦታ የለም!

"ሙስዓብ፣ አንድ መስመር ትጨምርልኛለህ" አልኩት። ወረቀት ላይ ጻፍኩለት፦

"ኅዳር 6፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ መርካቶ፣ ምስራ ልብስ ስፌት። ርዕስ፦ ውጤቱን ለማሰሮዋ ባለቤቶች መንገር። አቅራቢ፦ ዶክተር ሱፍያን።"

አንብቦ ቀና አለ። "ደንበኛዋ ታውቃለች?"

"ታውቃለች።"

"እትዬ ምስራ…"

"ታውቃለች አልኩህ!"

በዚያው ፊደል፣ በዚያው ቀለም፣ ከኅዳሩና ከጥር ወሩ መሃል አስገባት። ከሌሎቹ መስመሮች አትለይም። ሥራዬን ላጣ እችላለሁ። ኢየሩስ ደንበኛዬ ናት፣ ልጅቷ ምን በደለችኝ? ግን በየት በኩል ልናገር? በር ሲዘጋብኝ በቦርሳ ገባሁ።

ለእንድሪስ አልነገርኩትም።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ኢየሩስ መጥታ ቦርሳዎቹን ወሰደች። "ሲያምሩ!" አለች። ጀርባውን አልገለበጠችም።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ጉባኤው ዛሬ ነው። ቀኑን ሙሉ ስልኬን እያየሁ ዋልኩ። አሥር ሰዓት አካባቢ ጮኸች።

"እትዬ ምስራ! ምን አደረጉኝ?!"

ድምጿ የለቅሶ ነው። ሱፍያን ንግግሩን ሲጨርስ አንድ ሽበታም ፕሮፌሰር ተነሱ አለች። ቦርሳውን ገልብጠው፣ "ለማሰሮዎቹ ባለቤቶች ውጤቱን ነገ እንደምትነግራቸው እዚህ አያለሁ፣ እውነት ነው?" አሉት። አዳራሹ ዞሮ አየው።

"እሱስ ምን አለ?"

"ምን ይላል! አዎ አለ።"

ሳቅኩ። ከዚያ የልጅቷ ለቅሶ ተሰማኝና ሳቄ ጠፋ። "ተጠያቂዋ እኔ ነኝ በያቸው፣ ስሜ ተጽፏል" አልኳት። ስልኩን ዘጋችብኝ። መብቷ ነው።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

መጡ።

ሱፍያን፣ ፕሮፌሰሩ፣ ሁለት ወጣት ሴቶች። ሁሉም የሰፋሁትን ቦርሳ አንግተው። ወንበር ስላልበቃ የጨርቁ ጣቃ ላይ ቁጭ አሉ። እንድሪስ ግራ ገብቶት እኔን ያየኛል። ሱፍያን ኮምፒውተሩን መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ከፈተ። ዓይኔን አያየኝም።

"የእናንተ ቤት ሰባት ቁጥር ነው" አለ። መስመር አሳየን፣ ተራራ የሚወጣ የሚመስል ቀይ መስመር። ማሰሮ ጥላ ውስጥ ካለችና አሸዋው ከራሰ መድኃኒቱን በደንብ ትጠብቃለች፣ ብዙዎቹ ቤቶች ደህና ናቸው አለ። ከዚያ ጣቱን ወደ ላይ፣ ወደ ቆጡ ቀሰረ።

"እዚያ ግን ቆርቆሮው አጠገብ ነች። ከሥሯ ደግሞ ካውያው አለ። ከሰዓት ከሰዓት እስከ ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ትደርስ ነበር።"

"እና መድኃኒቱ?" አለ እንድሪስ።

"እንዲህ ሲሞቅ ከርሞ… ኃይሉን ያጣል፣ ጋሼ እንድሪስ።"

ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። "ይህን ካወቅክ ስንት ጊዜህ ነው?"

"ዓመት ከመንፈቅ።"

"ዓመት ከመንፈቅ! ለምን አልነገርከንም?"

"ጥናቱ እስኪታተም ውጤት እንዳይወጣ ተባልኩ… ከታተመ በኋላ ደግሞ ወርክሾፕ አዘጋጅተን ለሁሉም ልንነግር አስበን ነበር፣ በጀቱ አለቀ…"

"በጀት? ከራጉኤል ጀርባ እዚህ ድረስ በጀት ይፈልጋል? በእግር ነው! ቁርስህን ሳትጨርስ ትደርሳለህ! አላህን አትፈራም? ዓይኑን እየው! እየው እንጂ፣ ግራውን እየው!"

አንገቱን ደፋ። "ጥፋቱ የእኔ ነው" አለ። ያንንም አልፈለግኩትም። ምን እንደምፈልግ እንጃ። አንድ ነገር ብሰብር ደስ ይለኝ ነበር። ፕሮፌሰሩ ቦርሳቸውን ከትከሻቸው አውርደው ከእግራቸው ሥር አስቀመጡት፣ ሥዕሉ ወደ መሬት ሆኖ።

እንድሪስ አልጮኸም። ቀዩን መስመር በደህናው ዓይኑ ተጠግቶ ሲያይ ቆየና፣ "እንግዲያው ጣፋጭ አልበላሁም ማለት ነው" አለ።

ለሱፍያን አልነበረም ያለው።

ኅዳር 7፣ እሁድ

ማሰሮዋን ከቆጡ አወረድኳት። ከሱቁ ጓዳ፣ ፀሐይ የማይደርስበት ጥግ፣ ሲሚንቶው ላይ። አሸዋውን አራስኩት። ሱፍያን ዛሬ ጠዋት አዲስ ኢንሱሊን ይዞ መጣ፣ በእግሩ። ተቀበልኩት። ግባ አላልኩትም።

እንድሪስን ይቅርታ ልለው አፌን ከፈትኩ። "ክሩን አቀብለኝ" አልኩት። አቀበለኝ።

ኅዳር 22፣ ሰኞ

መቶ አርባ አምስት። ነርሷ ደግማ ለካች። መቶ አርባ አምስት። የሚበላው ያው፣ የሚወጋው ያው። የዓይን ሐኪሙ ግን የጠፋው አይመለስም ብሏል፣ ቀኙን ጠብቁ ነው ያለው። ሱፍያን ሌሎቹን ቤቶች በእግሩ እየዞረ ነው አሉ። ይዙር። ንዴቴ አልወጣልኝም፣ እንዲወጣልኝም አልፈልግም።

ከጤና ጣቢያ ስንመለስ እንድሪስን ሱቅ ትቼው ወጣሁ። አምና የዞርኩትን መንገድ እንደገና ዞርኩ። ብስኩት አከፋፋዩ ጋ፣ ቴምር ሻጩ ጋ፣ ሰው ባለበት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። "ባሌ ደብቆ አልበላም። መድኃኒቱ ነው የተበላሸው። ስሙን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።" አንዳንዱ ሳቀ። አንዳንዱ አፉን ያዘ። ፊቴ እየነደደ ቀጠልኩ።

መጨረሻ ሻይ ቤቱ። ባለቤቱ ብርጭቆ እያጠበ ሰማኝና፣ "እሱንማ እናውቃለን እትዬ ምስራ" አለኝ። "እዚህ ሲቀመጥ ሁልጊዜ ያለ ስኳር ነው የሚጠጣው። ሰው ሲጋብዘው እንኳ እምቢ ይላል።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"እርስዎ መቼ ጠየቁኝ? አትስጡት ብለው ሄዱ እኮ።"

ለሱፍያን የጮህኩት ሁሉ ወደ ራሴ ዞረ።

ሱቅ ተመለስኩ። እንድሪስ ጨርቁን ዘርግቶ ጠመኔ ይዞ ጎንበስ ብሏል። የሻይ ቤቱን ሰውዬ ቃል ሳልቀንስ ነገርኩት። ይቅርታም አልኩት፣ በደንብ፣ ክር ሳልጠራ። ቀና አላለም። ጠመኔውን ሰጠኝ።

"አስምሪልኝ" አለ። "ወፈር አድርገሽ።"

አሰመርኩለት። ቆረጠ።