ፈረስ ያልረገጠው መሬት

ለምወድሽ የልጅ ልጄ፣ የሰው ሸሚዝ ስትተኩሺ ውለሽ የራስሽን ለምትረሺው፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? እጅሽ በካውያ መቃጠሉን ተወ ወይስ አሁንም ወሬ እያወራሽ ነው የምትተኩሺው? ያቺ አብራሽ የምትኖረው ልጅ ማንኮራፋቷን ቀነሰች? ጀርባሽን፣ ዓይንሽን፣ እንቅልፍሽን አንድ በአንድ እንደጠየቅሁሽ ቁጠሪው፤ አለዚያ ወረቀቱ እዚሁ ያልቅብኛል። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ከእኔ ቀድሞ አረጀ እንጂ ምላሴ ገና ጎረምሳ ነው። እናትሽም ደህና ናት፤ አሁንም በየቀኑ ትቆጣኛለች፤ ጤነኛ መሆኗን የማውቀው በዚሁ ነው።

ደብዳቤውን የምልክልሽ በአውቶቡስ ሹፌሩ እጅ ነው። በስልክ ያልነገርሁሽ ስልኩ አጎትሽ ኪስ ውስጥ ስለሚኖር ነው። በደወልሽ ቁጥር ድምፁን ከፍ አድርጎ መሃላችን ያስቀምጠዋል። አንቺም ገና ሰላም ሳትይን «ውርንጭላዬ እንዴት ነው?» ትያለሽ፤ እሱም «እንደ ጥይት ነው የሚሮጠው!» ይልሻል። እናትሽ ወለሉን ታያለች፣ እኔ አስላለሁ። ያ ሳል የብርድ አልነበረም የኔ ልጅ። ዋሽተንሻል። የአጎትሽ ቦራ፣ ያ ግንባረ ነጩ ውርንጭላ፣ ሞቷል። ያንቺው ከሞት አፋፍ ተመልሶ በሕይወት አለ፤ ግን እኛ ቤት የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱም ጡት እንደጣሉ ያስቀምጣቸው ጀመር። አጎትሽ መጀመሪያ «ሣሩን ስለለወጥን ነው» አለ፤ ቀጥሎ «ውሃው ነው» አለ። እናትሽ «ጥርስ እያበቀሉ ይሆናል» ስትል፣ «ጥርስ የሚበቅለው በአፍ ነው፣ አንቺ በየት በኩል ነው የምታዪው?» አልኋት። ሳቅን። ሳቁ ብዙ አልቆየም። ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፋ፣ የጎናቸው አጥንት ግን ይቆጠር ጀመር። ፀጉራቸው ተንጨበረረ። ጭናቸው እየቆሸሸ እናትሽ በየማለዳው ለብ ባለ ውሃ ታጥባቸው ነበር።

መድኃኒትማ ሰጥተናል። የቤታችንን ደንብ ታውቂያለሽ፤ እዚህ ቤት የገባ ነገር ለሁሉም እኩል ይታደላል፤ ከረሜላም ቢሆን በጥርስ ይከፈላል። አጎትሽ ያቺን እንደ ጥርስ ሳሙና የምትጨመቅ የትል መድኃኒት አንድ ይገዛና ጋጣው ውስጥ ሁሉንም ያሰልፋል። ለእናቲቱ ጣት ሙሉ፣ ለጋሪው ፈረስ ጣት ሙሉ፣ ለውርንጭሎቹም ጣት ሙሉ፤ ማንም እንዳይከፋው። በየወቅቱ እንዲህ ነበር። ባለፈው ጊዜ እኔም ምላሴን አውጥቼ ሰልፍ ገባሁ። «አባባ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም» ብሎ ተቆጣ። እውነቱን ነው፣ አልነበረም።

ሲብስባቸው የእንስሳት ሐኪሟ ተጠራች። አጭር ሴት ናት፣ ቡትስ ጫማዋ ከቁመቷ እኩል ነው። ይህንኑ ብነግራት «እርስዎንም ላክምዎት እንዴ አባባ?» አለችኝ፤ ወዲያው ወደድኋት። ፋንድያቸውን ወስዳ በማይክሮስኮፕ አይታ ተመለሰች። ደረታቸውን በሜትር ለክታ ክብደታቸውን ገመተች። ከዚያ መድኃኒቱን እንዴት እንደሰጠን ጠየቀች፤ አጎትሽም ደረቱን ነፍቶ ነገራት። እሷም «ወንድሜ፣ መድኃኒት በክብደት ነው እንጂ በፍቅር አይታደልም» አለችው። ጣት ሙሉ ለትልልቆቹ አይበቃም፤ ከልኩ በታች የቀመሰ ትል አይሞትም፣ መድኃኒቱን ይለምደዋል። የለመደው ትል ከትልልቆቹ ሆድ ዘሩን በፋንድያ አውጥቶ መሬቱን ሞላው፣ ውርንጭሎቹም ከሣሩ ጋር ለቀሙት። ከፊሉ በአንጀታቸው ግድግዳ ውስጥ ተሸሽጎ ተኝቷል፤ ነቅቶ ሲወጣ አንጀቱን ያቆስለዋል፤ ተቅማጡ አልቆም ያለው ለዚህ ነው አለች። ሌላ ዓይነት መድኃኒት ለእያንዳንዱ በልኩ አዘዘች፤ ለቀናት ሳይቋረጥ የሚሰጥ ነው። የወጣባቸውን ውሃ እንዲተካም የሚበጠበጥ ጨው ጨመረች።

ይህን ሁሉ አደረግን። ትልቁ ትእዛዝ ግን ሌላ ነበር። «ከዚህ ግቢ አውጧቸው፤ ዛሬ ብታክሟቸው ነገ ከመሬቱ መልሰው ይበሉታል። ፈረስ ረግጦት የማያውቅ ቦታ ፈልጉ» አለች። ወይ ጉድ! በዚህ ሰፈር ፈረስ ያልረገጠው ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ የአናጢው ግቢ። ጎረቤታችንን ሚስማርን ማለቴ ነው፤ አፉ ከሚስማር ስለማይለይ ቃል የማይወጣው፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ «ፈረስ በየት በኩል እንደሚበላ የማታውቅ» እያልሁ የቀለድሁበት ሰው። አጎትሽ «እሱ ደጅ ሄጄ ከምለምን ቦራዬ እዚሁ ይሙት» አለ።

እኔ ከዘራዬን ይዤ ሄድሁ። መጋዙን አቁሞ «ምን ፈለግህ?» አለኝ። «ግቢህን» አልሁት። «ልትገዛው?» «ላቆሽሽብህ።» ሚስማሮቹን ከአፉ አውጥቶ በመዳፉ ያዘና «ያ የልጅቷ ውርንጭላ ነው የታመመው?» አለኝ። ነው አልሁት። «ታዲያ ቆመህ ምን ትለፈልፋለህ፣ አምጣው እንጂ!» እምቢ ቢለኝ ብዬ ብዙ ስድብ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁሉንም ይዤው ተመለስሁ።

ያንቺው በዚያው ቀን ተሻገረ። ቦራውን ግን አጎትሽ አልለቅም አለ። አልዋሽበትም፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ሰጠው፤ አጠገቡ ውሎ አጠገቡ ያድር ነበር። መሬቱን ብቻ አልለወጠለትም። ሻል ይለዋል፣ ደግሞ ይይዘዋል፤ ሻል ይለዋል፣ ደግሞ ይይዘዋል። በመጨረሻ መነሳት አቃተው። አጎትሽ ጭንቅላቱን ታቅፎ «ለማንም አላበላለጥሁም እኮ፣ እኩል ነው የሰጠኋችሁ» ይለው ነበር። እናትሽ ትመስክር፣ ያን ቀን አንድም ቀልድ አልወጣኝም።

ሚስማር ስለ ፈረስ ዛሬም ምንም አያውቅም፤ የታዘዘውን ብቻ ያደርጋል። ፋንድያውን በየቀኑ በአካፋ ለቅሞ ያወጣል። ድርቆሹ መሬት እንዳይነካ ከጣውላ መመገቢያ ሠራለት፤ ልስላሴው የሙሽራ አልጋ ያስንቃል። አንድ ማለዳ ከአጥሩ ማዶ «ና! ቶሎ ና!» እያለ ጮኸ። ሞተ ብዬ ከዘራዬን እንኳ ሳልይዝ ወጣሁ። ስደርስ ጣቱን ወደ መሬት ቀስሮ እንደ ሕፃን ይስቃል። ድብልብል ያለ፣ ደረቅ ያለ ፋንድያ! ሁለት ሽማግሌዎች ጎን ለጎን ቆመን ስናደንቀው ያየን ሰው ካለ አብደዋል ብሎ ሄዷል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። አጎትሽ ውርንጭላሽን መልሶ ሊያመጣው ነው። «የእኛ ፈረስ ሰው ግቢ ታስሮ ሲያዩ ምን ይሉናል?» ይላል። ግቢያችን እንደነበረ ነው፣ ፋንድያው እንኳ አልወጣም። እሱ «ዝናቡ አጥቦታል» ባይ ነው። ሐኪሟ የትሉን ዘር ዝናብ እንደማያጥበው፣ ዓመት አልፎትም መሬት ውስጥ እንደሚቆይ ነግራዋለች። ነገሩ ግን ዝናብም አይደለም፣ የሰው ወሬም አይደለም። የእሱ ሞቶ ያንቺው መትረፉን ባየ ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል። ተው ብለው «አባባ፣ እርስዎ ይረፉ፤ የእርስዎ ዘመን አልፏል» አለኝ። አንቱ እያለ ነው የተናገረኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ ለስድብ መልስ አላጣም።

የአጥሩ በር ተጠግኖ እንዳለቀ አመጣዋለሁ ብሏል። ባለበት ይቆይ ብትይው ለጊዜው እሺ ይልሻል፤ ከዚያ ልጅቷ ሩቅ ናት፣ ምን ታውቃለች ብሎ ያመጣዋል። አንድ የማይጥሰው ነገር ግን አለ። በቤታችን ለልጅ የተሰጠ ከብት የልጁ ነው፤ ባለቤቱ ለሌላ ከሰጠውም የዚያ ሰው ነው፣ ማንም አይነካውም። አጎትሽን ታውቂዋለሽ፣ ደንብ ከሚያፈርስ ይሞታል። ስለዚህ ደብዳቤው እንደደረሰሽ ደውይና ሁላችንም እየሰማን ውርንጭላሽን ለአናጢው መስጠትሽን ተናገሪ። ለጊዜው ሳይሆን ለሁልጊዜ። እናቲቱ አርጅታለች፣ ከእንግዲህ አትወልድም፤ በዚህ ቤት ሌላ ውርንጭላ አይኖርም። በፈረስ የኖርሁ ሰው፣ በእጄ የሰጠሁሽን ስጦታ ከቤቴ አስወጪልኝ ብዬ እጽፍልሻለሁ። ፊደሉ ከተጣመመ እርጅና ነው ብለሽ እለፊው።

አብራሽ ለምትኖረው አንኮራፊ ሰላም በይልኝ። አሠሪሽንም ሰላም በይው፤ ሸሚዝ ካቃጠልሽበት ግን የማን ልጅ እንደሆንሽ እንዳትነግሪው። እናትሽ ጉንጭሽን ስማሻለች፤ ብይልኝ፣ ልበሽልኝ ትላለች። አጎትሽ መጻፌን ስለማያውቅ ሰላምታ አልላከም፤ እኔ በእሱ ፋንታ ብዬሻለሁ። ክፉ ሰው አይደለም፣ አትጥይው። ሚስማርን ሰላምታ ላክላት ስለው ራሱን ነቀነቀ፤ ከእሱ ይህም ብዙ ነው።

ውርንጭላሽንም ሰላም ልልልሽ ዛሬ ሄጄ ነበር። ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ አፏጨሁለት። ጆሮውን ቀሰረ፣ አየኝ፣ ከዚያ ዞሮ አናጢው ወዳለበት ሄደ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ተቀየምሁት። ቢሆንም ስጪው።

አያትሽ
ከቤታችን፣ ከጋጣው ጎን ካለችው ክፍል
ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ባባራበት ሳምንት