በእማዬ በር ላይ እንግዳ

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ጠዋት።

ዛሬም ሮቶው ደረቀ። ውሃ ሊነጋጋ ሲል መጣ፤ ወደ ሮቶው የሚገፋውን ሞተር ላስነሳ ስልኬን ብነካ «ፈቃድ የለዎትም»። እማዬ ፈቃድ አላት፤ ግን ዕድሜ ልኳን ልብስ ያጠበችበትን፣ አሻራው ያለቀ ጣት ስልኩ አያውቀውም። ፉሪ ደወልኩ። እዚያ የሚኖረው ወንድሜ ዳዊት አያነሳም። ሚስቱ አነሳች። አልጋዋ ውስጥ ሆና የእኛን የላፍቶውን ሞተር አስነሳችው። እስከዚያ ውሃው ሄዷል።

ማስታወሻዬ፣ ካንቺ ምን እደብቃለሁ? ቀንቻለሁ። እንደ ቃር ያቃጥለኛል። ስሟን ግን እዚህ አልጽፍልሽም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። ማታ።

ዳዊት መጥቶ እንደገና አስረዳኝ። ክረምት ላይ የጎረቤት ቤት ከተዘረፈ ወዲህ በሩ፣ የግቢው መብራት፣ ሞተሩ ሁሉ በስልክ ሆኗል። ማን ምን እንደሚከፍት የሚጻፈው ብሎክቼይን በሚሉት መዝገብ ላይ ነው። መዝገቡ ብዙ ኮምፒውተር ላይ ስለተባዛ፣ ሌባ አንዱን ቢነካካ ሌሎቹ ያጋልጡታል። አንዴ የተጻፈ አይፋቅም። ልክ እንደ ዕድር ነው አለኝ፤ አንድ ሰው ብቻውን አባል አያስገባም፣ አያስወጣም። ከሦስት ጠባቂ ሁለቱ መስማማት አለባቸው።

ጠባቂዎቹ፦ እማዬ፣ እሱ፣ ሚስቱ።

እኔስ? ከስሜ ሥር «እንግዳ» ይላል። በር መክፈት ብቻ። ተወልጄ ያደግኩበት ቤት! የእማዬን የስኳር መርፌ የምወጋ እኔ፣ ሐኪም ቤት የማመላልስ እኔ። ያቺ ከተዳረች ዓመት አልሞላትም። ለምን ብዬ ስጠይቀው ስልኩን መነካካት ጀመረ። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም። ገብቶኛል፤ እሷ ናት የከለከለችው። ገና ለሽምግልና የሄድን ቀን ፊቷን አይቼ አውቄባታለሁ።

(ውሸት። ያን ቀን ወድጃት ነበር።)

እሑድ፣ ኅዳር 14።

ከቤ/ክ መልስ ዳዊትና ሚስቱ እኛ ጋ ምሳ በሉ። እማዬ «ልጄ፣ ልጄ» ትላታለች። እኔን በስሜ ነው የምትጠራኝ። ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። ጸጉሯ አምሮባታል፣ አቤት ሲያምርባት! ወጡ ላይ ጨው በዝቶብኛል፤ ጣፈጠ ብላ ደገመች። ምን ዓይነት ሰው ናት? ዕቃ ሳጥብ ማድ ቤት ተከትላኝ መጣች፤ አንድ ነገር ልትነግረኝ ጀምራ ዳዊት ሲገባ ወሬ ቀየረች። የሐሜት ፊት ነበር። ምናልባት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17። ማታ 1 ሰዓት።

ጉድ ሆነ። እየሳቅኩ ነው የምጽፈው፤ ዕንባዬ ወረቀቱን እያበላሸው።

እያንዳንዱ ጠባቂ አሥራ ሁለት የምስጢር ቃላት አሉት። ቃላቱን ያወቀ ሰው ጠባቂውን ሆነ ማለት ነው። ዳዊት ለእማዬ ከነፍስሽ ቀጥለሽ ጠብቂያቸው ብሏታል። እማዬ ደግሞ ውድ ነገር አደራ የምትሰጠው ለማን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ዛሬ የጸሎት ኅብረቱ እኛ ቤት ነበር። ጎፋ ካለው ፋርማሲ ከሥራ ስመለስ የእማዬ ድምፅ የተቀበለኝ ገና በር ላይ ነው።

«ጌታ ሆይ፣ ‹ድልድይ› የሚለውን በደምህ ሸፍንልኝ!»

«አሜን!»

«‹ሎሚ› የሚለውንም!»

«አሜን!»

እስከ አሥራ ሁለተኛው። የእትዬ አስቴር አሜን አስፋልቱ ድረስ ይሰማል። አንዷ ሴትዮ ጸሎቱን በስልኳ እየቀዳች ነበር፤ ለታመመች እህቷ ልትልክላት።

ለዳዊት ደወልኩለት። ከዚያ ጩኸት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18።

እማዬ ተሻረች። ቅር አላላትም፤ እንዲያውም ተገላገልኩ አለች። በእሷ ቦታ እዚህ ቤት የሚኖር ሰው ያስፈልጋል፤ ከእኔ ሌላ ማን አለ? ዳዊትም ሚስቱም ተስማሙ። ከምሳ በኋላ «እንግዳ» ጠፍቶ «ጠባቂ» ሆነ። ደስ ብሎኝ የግቢውን መብራት በጠራራ ፀሐይ አበራሁ፣ አጠፋሁ።

ከዚያ አየሁት። ጠባቂ ቀድሞ የተሰጠውን የድምፅ ውሳኔ ሁሉ ያያል። በሩ የተገጠመ ዕለት፦ «እህታችን ጠባቂ ትሁን።» ያቀረበችው የዳዊት ሚስት። እማዬ፣ መልስ የለም፤ ያ ጣቷ። ዳዊት፣ አይሆንም። ምክንያት፦ ነገ አግብታ ትወጣለች።

መስከረም ላይ ደግማ ጠይቃለች። አይሆንም። ባለፈው እሑድ፣ ያን ጨዋማ ወጥ በልታ በሄደች ማታ፣ ለሦስተኛ ጊዜ። አይሆንም።

ዳዊት! አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ!

ዓርብ፣ ኅዳር 19። ጠዋት።

ዳዊት መልእክት ልኳል። የድሮውን አትይው፣ ያለፈ ነገር ነው ይላል። ሊፍቀው አይችልም፤ ያስረዳኝ እሱ ራሱ ነው። አልመለስኩለትም። ለእሱ ሌላ ቀን አለ።

ዛሬ ከሥራ ስወጣ ፉሪ እሄዳለሁ። እሱ እስኪመጣ አልጠብቅም፤ የምፈልገው እሱን አይደለም። ምን እንደምላት አላውቅም። ሰኞ ስልኩን እንዴት ጆሮዋ ላይ እንደዘጋሁባት አልነገርኩሽም። ይቅርታ ከማለቴ በፊት ማልቀሴ አይቀርም።

ሜሮን። ስሟ ሜሮን ነው፣ ማስታወሻዬ። በሩን ስትከፍትልኝ በስሟ እጠራታለሁ።