ከሳሽ ያጣው ፈረስ

ለተወደድከው ታናሽ ወንድሜ ለዳልጮ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? ከሽመናው ጉድጓድ ስትነሣ የሚይዝህ ጉልበትህ ተሻለህ ወይ? አስቴርስ ደኅና ናት? ሙሽራው ልጅህ ዘካሪያስስ? እኔና ጌጤ ከጥርሴ በቀር ደኅና ነን፤ ጥርሴም የቀረው ሁለት ስለሆነ ብዙ አያስቸግርም። ጌታ ይመስገን። አሁን ወደ ንዴቴ ልግባ።

በመስከረም የላክኸው ደብዳቤ ደርሶኛል። «ጋሼ፣ አንተ ዘንድ ያለውን ዳማ ፈረሴን ለዘካሪያስ አማት የሠርግ ስጦታ ካምባ አድርስልኝ፤ የጤና ወረቀቱን እንደሆነ መርማሪውም ፈራሚውም አንተው ነህ፣ ምን ያስቸግርሃል?» ብለሃል። ያስቸግረኛል! ማኅተም ያረፈበት ፈቃዴ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ለጌጥ አይደለም። እብጠት መብጣት፣ ሰኮና መሞረድ፣ ፈረስና በቅሎ መርምሮ ወረቀት መስጠት ይፈቅድልኛል፤ የራሴንና የዘመዴን እንስሳ መመርመር ግን ይከለክለኛል። ፊደል በራሴ የቆጠርኩት የፈረምኩበትን ለማንበብ ነው።

ስለዚህ ዳማውን ከግጦሽ አስመጥቼ የካምባውን መርማሪ ካሱን አስጠራሁ። መጣ። ከአጥር ውጭ እንደ ቆመ፣ «ጋሼ ገነነ፣ የእርስዎን ቤት ፈረስ እኔ ልመርምር? ነውር አይሆንም?» ብሎ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ሞልቶ ሰጠኝ። ሳነበው ቀዩን ፈረስህን «ጥቁር» ብሎታል። ፊት ለፊቱ ቀደድኩት። ተቀይሞ ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ነው ዳማውን ወደ ብርሃን አውጥቼ የዳሰስኩት። ከትከሻው እስከ ጉልበቱ ድረስ እባጩ እንደ ጨሌ ተደርድሯል፤ ሁለቱ ፈንድተዋል። ይህ በሽታ ከቁስል ወደ ቁስል የሚጋባ ነው፤ መድኃኒት የለውም። ከየት መጣ ብዬ ብዙ አላሰብኩም፤ መነሻው እኔ ራሴ የበጣሁት ቦታ ነበር።

በነሐሴ አንድ ነጋዴ እግሯ ያበጠ በቅሎ አመጣልኝ። ተራ እብጠት መስሎኝ በጣሁላት። ቀጥሎ ተራው ኮርቻ ያቆሰለው የዳማው ትከሻ ነበር። ያን ዕለት በዝናቡ እንጨቱ ሁሉ ረጥቦ እሳት እንቢ አለኝ። ቢላዋዬን ሳልቀቅል በለብታ ውሃ አለቅልቄ በጣሁት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሌላው ላይ «ቀቅል!» እያልኩ የጮህኩት ሰውዬ!

ይህን ሸሽጎ ፈረሱን ለሰው መስጠት በአባቶቻችን አነጋገር ጎሜ ነው፤ ቤት የሚያጠፋ ጥፋት። በወንጌሉ ኃጢአት ነው፣ በመንግሥት ወንጀል ነው። ሦስቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ በዕድሜዬ ያየሁት ይህን ብቻ ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎች በሚቀመጡበት በዱቡሻው ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ብዙነህ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ጓድ ገነነ፣ ማን ጠየቀዎት? ጅብ በላው ይበሉና ይረፉ» አለኝ። ጌጤ ደግሞ ቤት ስገባ፣ «አገሩን ሁሉ ስትከስ ኖረህ፣ ያልከሰስከው አንተን ብቻ ነበር፤ እንኳን ደረሰህ» አለችኝ። ሳቀችብኝ!

በማግስቱ ለዘካሪያስ አማት የዳማው ምትክ ትሆናለች ያልኳትን የገዛ በቅሎዬን እየሳብኩ አርባ ምንጭ ወረድኩ። ሙቀቱን ታውቀዋለህ። ከጫሞ ዓሣ የጫነ ፒካፕ በቅሎዋን አስበርግጎ ሊጨርሰን ነበር። ፈቃዱን የሰጠኝ የእንስሳት ጤና ቢሮ ስደርስ ጸሐፊው ከሳሹ ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔ ነኝ አልኩ። ተከሳሹስ አለ። እኔ ነኝ አልኩ። ብዕሩን አስቀመጠና፣ «አባባ፣ ለእንዲህ ያለው ቅጽ የለንም። ይሂዱና ሌላ ሰው ይክሰስዎ» አለኝ። ፈቃዴን ጠረጴዛው ላይ ባኖር፣ ያለ ክስ መዝገብ መረከብ አይቻልም ብሎ መለሰልኝ። ሰው ጥፋቱን ተሸክሞ የሁለት ቀን መንገድ ይሄዳል፣ የሚቀበለው ያጣል!

የቢሮው የእንስሳት ሐኪም ግን የነገርኩትን ሰምቶ ዳማው ተገድሎ በጥልቅ እንዲቀበር በጽሑፍ አዘዘ። የበቅሎዋንም ወረቀት እንደ ካሱ በመስኮት እያያት ሊፈርም ሲል እጁን ያዝኩት። አራቱንም እግር አስነሥቼ፣ የኮርቻ መቀነቻዋን ሥር አስዳስሼ፣ አፏን አስከፈትኩ። ላቡ እየተንጠባጠበ ንጹሕ ናት ብሎ ፈረመ። አሁን ካምባ ናት፤ የልጅቷ አባትም ወዷታል፤ ሠርጉ አይናጋም።

ዳማውን ራሴ ቀበርኩት። ጉድጓዱን የቆፈርኩት ብቻዬን ነው፤ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ወደ ጉድጓዱ ስስበው እጄን እንደ ልማዱ አሸተተኝ። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ያን ዕለት የበጣሁላቸውን የሌሎቹን ሰዎች ፈረሶች ቤት ለቤት ዞሬ አየሁ፤ እስካሁን ደኅና ናቸው። ለሰዎቹም እውነቱን ነገርኳቸው። ክሰሱኝ ብላቸው ግን «ጋሼ ገነነን ማን ይከሳል?» እያሉ ምሳ አቀረቡልኝ።

እንግዲህ የቀረኸኝ አንተ ነህ። ፈረሱ ያንተ ነው፣ ተበዳዩ አንተ ነህ። ይቅርታህን ከዚያ በኋላ እንነጋገርበታለን፤ አሁን የምፈልገው ክስህን ነው። ማመልከቻውን አርቅቄ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። «ወንድሜ ስለሆነ» የሚል ነገር እንዳትጨምርበት። መዝገቡ እስኪከፈትና እስኪፈረድ ድረስ ቢላዋዬ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከሣጥን ገብቷል፤ ገበያተኛው ፈረሱን እየሳበ ከደጄ ይመለሳል። እባክህ አታቆየኝ።

አስቴርን እጅ ነሥቻለሁ በልልኝ። ዘካሪያስን ስለ ዳማው አንተው ንገረው፤ ልጅ ሆኖ ይጋልበው እንደ ነበር አልረሳሁም። ለትንሿ ለዘሪቱ ጌጤ የፈተለችውን ጥጥ ልካለች። በሸማኔ ቤት ያሉትን የአገራችንን ልጆች ሁሉ በስማቸው እየጠራህ ሰላም በልልኝ።

ማመልከቻውን ደግሞ ሳታነበው እንዳትፈርም።

ታላቅ ወንድምህ ገነነ
ገረሴ፣ ኅዳር 19 ቀን 1974 ዓ.ም.