አራት ቤተሰብ በአንድ ማድ ቤት

ለምወድሽና ሁሌም ለምትናፍቂኝ ታላቅ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከረምሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ስትነሺ ግድግዳ ትደገፊያለሽ? እማዬስ እንዴት ናት? መድኃኒቷን በሰዓቱ ትውጣለች ወይስ እንደ ልማዷ "ዛሬ ደኅና ነኝ" እያለች ትራስ ሥር ትደብቃለች? ልጆቹስ? እኔ ከድካሙ በቀር ደኅና ነኝ። ናፍቆታችሁ ግን ከድካሙም ይብሳል።

ባለፈው ስንደዋወል "የሰው ቤት ስታከፋፍዪ ውለሽ ማታ የምትገቢው ኪራይ ቤት!" ብለሽ ስቀሽብኛል። ሳቂ፣ እውነትሽን ነው። ተመርቄ የክልሉ ቤቶች ቢሮ ስቀጠር በአንድ ዓመት ውስጥ ሰፈሩን ሁሉ የምለውጥ መስሎኝ ነበር። እስካሁን የለወጥኩት ጫማዬን ብቻ ነው፤ እሱም ሶሉ አልቆ።

አሁን የምጽፍልሽን ነገር ለሰው ካላወራሁት አይወጣልኝም። ክልሉ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ነዋሪዎች ፎቅ ሠርቶ አሮጌውን ሰፈር ሊያነሣ ነው። መመሪያው ቤተሰብ የሚቆጥረው በማድ ቤት ነው፤ አንድ ማድ ቤት ካለ አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ቤተሰብ ከሆነ አንድ ቤት። ያወጡት ሰዎች ክፉ ሆነው አይደለም፤ አንዱ ሰው በልጆቹ ስም ቤት እንዳያግበሰብስ ብለው ነው። እኔ በምከታተለው ግቢ ግን አራት ቤተሰብ በአንድ ማድ ቤት ያበስላል። ክፍሎቻቸው ስለሚጠቡ ጭሱን ለአንዲት የቆርቆሮ ቤት ትተው፣ ማገዶ አዋጥተው፣ ተራ ይዘው ሲኖሩ ስንት ዘመናቸው። ከቢሮው የተላኩ ቤተሰብ ቆጣሪዎች መጥተው "አንድ ቤተሰብ" ብለው ሄዱ። ለአራት ቤተሰብ አንድ ቤት!

አለቃዬን ለመንኩት። "ይገባኛል፣ ግን መመሪያ ነው። ለየብቻቸው ያብስሉና እንደገና ይቆጠሩ" አለኝ። ሄጄ ነገርኳቸው። የግቢው ልብስ ሰፊ፣ ምላሷ ከመቀሷ የሰላ ሴት ናት፣ "ታዲያ ምን ችግር አለ? እንጣላለና!" አለች። ሁሉም ሳቁ። ነገሩ ግን እውነት ነበረው፤ በድንገት ተለያየን ቢሉ ማን ያምናቸዋል? ተጣላን ቢሉ ግን ሁሉም ያምናል። ምድጃቸውን ወደየክፍላቸው አስገቡና፣ ቆጣሪዎቹ በመጡ ቀን ግቢው መሀል ቆመው ይሰዳደቡ ጀመር።

መጀመሪያ ጨዋታ ነበር። የሰው ልብስ እያጠበች የምትተዳደር "እመት ሳሙና" የሚሏት ጎረቤት አለች። ልብስ ሰፊዋ እሷን "አንቺ የጨው ሌባ!" ስትላት ሳቄን ለመደበቅ ፊቴን አዞርኩ። እመት ሳሙና ግን ጨዋታው ሞቅ ብሏት ኖሮ፣ "አንቺንስ ማን ይችልሻል? ባልሽ እንኳ እግሬ አውጪኝ ብሎ ነው የጠፋው!" አለቻት። ባሏ የምር ጥሏት የሄደ ነው፤ ልብስ ሰፊዋ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ቆጣሪዎቹ አመኑ፤ እኔም አመንኩ። "አራት ቤተሰብ" ተብሎ ተመዘገበ።

ለአራቱም ቤት ተፈቀደ። ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም። ማድ ቤቱ ቀዝቅዟል፤ ጭሱ በየክፍሉ ታፍኖ የልጆቹን ዓይን አቅልቶታል። መመሪያው ውስጥ ጎረቤታሞች አብረው ካመለከቱ ጎን ለጎን ይሰጣቸዋል የሚል አንቀጽ አለ፤ ከልቤ የምወደው እሱን ብቻ ነበር። ማንም አላመለከተም። ልብስ ሰፊዋ "ከሷ ጋር ግድግዳ አልጋራም" አለችኝ፤ እመት ሳሙና ደግሞ "እኔ ከሷ ጋር ሰማይም ባልጋራ ደስ ባለኝ" አለች። ዕጣ ወጣ። ልብስ ሰፊዋ ምድር ቤት፣ እመት ሳሙና አራተኛ ፎቅ ደረሳቸው።

ደከመኝ፣ እህቴ። ስብሰባ ላይ "የማኅበረሰብ ልማት" በተባለ ቁጥር ያች ቀዝቃዛ ማድ ቤት ትመጣብኛለች። አንዳንዴ ሁሉን ጥዬ እናንተ ጋ ልምጣ ይለኛል፤ ደግሞ ጠዋት ስነሳ እግሬ ወደዚያው ግቢ ይወስደኛል።

ዓርብ ዕለት ልብስ ሰፊዋ ቢሮ መጣች። ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች። "ያቺ አፈ ክፉ ስንተኛ ላይ ደረሳት?" አለችኝ። አራተኛ አልኳት። "ጉልበቷ ደረጃ አይችልም። የኔን ስጫት፣ እኔ እወጣለሁ። እሷ ናት የለቀቀችልሽ ብለሽ እንዳትነግሪያት ደግሞ፣ ትኮራብኛለች" ብላኝ ወጣች።

ቤት ለመለዋወጥ ግን ባለቤቶቹ አንድ ላይ ቀርበው መፈረም አለባቸው፤ መመሪያ ነው። ሁለቱንም ለነገ ጠዋት ጠርቻቸዋለሁ። ለምን እንደሆነ ለአንዳቸውም አልተናገርኩም። ቢሮዬ ውስጥ ለባለጉዳይ ያለው አንድ አጭር አግዳሚ ወንበር ነው፤ ወይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ወይ ይቆማሉ።

እማዬን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ፣ መድኃኒቱንም ከትራሷ ሥር ፈትሺ። ባልሽን ቀልዱ ናፍቆኛል በይው። ትልቁ ልጅሽ በትምህርቱ ይበርታ፤ ትንሿ ጥርሷ በቅሎ ከሆነ ፎቶዋን ላኪልኝ። አንቺም ከባድ ነገር አታንሺ።

ታናሽ እህትሽ
ከኪራይ ክፍሌ፣ እሑድ የካቲት ፱ ቀን