ወርቅ የሌለው ሰም

ሰኞ፣ ጥቅምት 5። ማታ 1 ሰዓት ከሩብ

ጠዋት 38 ደቂቃ። ከቢቸና መሃል እስከ ደብረ ወርቅ መንገድ መውጫ፣ ደርሶ መልስ። ግማሹ ሩጫ፣ ግማሹ እርምጃ። ጉልበቴ ዛሬ ዝም ብሏል። ስመለስ የአንገቴ ማተብ ተበጠሰ፤ ክሩ በላብ ሳስቶ ኖሯል። መስቀሏን ከአስፋልቱ ዳር ለቅሜ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ክር መግዛት አለብኝ፤ ደብተሬ፣ አስታውሺኝ።

ቁርስ፦ ግማሽ እንጀራ፣ ስኳር የሌለው ሻይ። ሐኪሙ ስኳርሽ ድንበር ላይ ነው ካለኝ ሦስት ወር ሆነው። የወረዳ መሬት አስተዳደር ባለሙያ ነኝ፤ ድንበር ዝም ካሉት ወዴት እንደሚገፋ ለእኔ አይነገርም።

የዘንድሮ ሦስት ነገሮቼ እንደምታውቂያቸው ናቸው። ስኳሩን ማውረድ። ሞጣ የተከፈተውን የቡድን መሪነት ቦታ ማግኘት። ፒያኖ መማር። ሦስተኛውን ከአንቺና ከመምህሬ በቀር የሚያውቅ የለም። የአርባ አንድ ዓመት ሴት፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ በዚያ ላይ የመሪጌታ ልጅ። ቢሰሙ መሳቂያ ነኝ።

ቢሮ ስገባ ባዘዘው አየኝ። ማየት ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት፤ ዓይኑ አንገቴ ላይ ቆየ። እሱም ለሞጣው ቦታ አመልክቷል። ከዛሬ ጀምሮ «ባ.» ነው የምለው። ሰው ቢያገኝሽስ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 10። ሞጣ መናኸሪያ፣ 8 ሰዓት

መንገዱ ሰላም ነው ሲባል በጠዋቱ ሚኒባስ መጣሁ። ለአባባ የሥራ ጉዳይ ነው አልኳቸው። አራተኛ ቅዳሜ፣ አራተኛ ውሸት።

መምህሬ ሃምሳ አለቃ ደምሴ ዛሬ ተቆጡኝ። በድሮው ጦር ሠራዊት ሙዚቀኛ ነበሩ፤ ጡረታ ወጥተው ሞጣ ገብተዋል። ቤታቸው ያለው ኦርጋን ነው፣ እሳቸው ግን ፒያኖ ይሉታል። እኔም ፒያኖ እላለሁ። ቀኝ እጄ ይሄዳል። ግራዬ እንደ ሰነፍ በሬ ወደ ኋላ ይቀራል። መድኃኒቱ ድምፅ አውጥቶ መቁጠር ነው አሉ፤ ስትሮጪም፣ ስትበይም፣ ቢሮ ስትቀመጪም። አንድና፣ ሁለትና፣ ሦስትና። ሲሰለችሽ ዶ ሬ ሚ በይ።

ከግቢያቸው ስወጣ ነጠላ የተከናነበች ሴት ከማዶ ቆማ ታየኛለች። መልኳ አዲስ አልሆነብኝም፤ ቢቸና አይቻታለሁ። የባ. እህት ሞጣ ነው ያገባችው። እንዲያው ነው የጻፍኩት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 12። ማታ 2 ሰዓት

ጠዋት 41 ደቂቃ፣ እየቆጠርኩ። ውኃ ቀጂዎቹ ዞረው አዩኝ።

ከሥራ በኋላ የሚካኤል ማኅበር፣ ጎረቤታችን እትዬ የሺ ቤት። ጠላው ቀረበ። አልጠጣም አልኩ። ስኳር አለብኝ ብል ነገ ባ. ጆሮ ይደርሳል፤ በሽተኛ ቡድን መሪ አይደረግም። ስለዚህ አልተስማማኝም ብቻ አልኩ። የማኅበር ጽዋ ነው፣ ቅመሺ እንጂ አሉኝ። አልቀመስኩም። ሁሉም አንገቴን ያያሉ። አራት ኪሎ ቀንሻለሁ፤ ከሳች እያሉኝ ይሆናል። ወይም ባ. አንድ ነገር ብሏቸዋል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 14

አባባ የሠራሁትን አልበሉም። ሦስተኛ ቀን። ጽጌን እንደሚጾሙ አውቃለሁ፤ የሠራሁትም ሽሮ ነው፣ በዘይት። ሆዴ ሞልቷል ይላሉ። ትንሽ ቆይቶ ከእትዬ የሺ ቤት በሰሃን ተሸፍኖ መጣላቸው። በሉት። በር ዘግተው።

እናቴ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት እኔ ነኝ የማበስላቸው። አንድ ቀን ሰሃን መልሰው አያውቁም።

ሰባት ሰዓት ላይ ከባ. ጋር ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አየኋቸው። ባ. ጎንበስ ብሎ ያወራል፣ አባባ በመቋሚያቸው መሬቱን ይጭራሉ። ሲያዩኝ ተለያዩ። አሁን ገባኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 17። ሞጣ መናኸሪያ

ትምህርት ደህና። ግራ እጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀር ሄደ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ስሚ፣ ተናድጃለሁና ሳልመርጥ እጽፋለሁ። ባ. ለአባባ፣ ልጅዎ ጥላዎት ሞጣ ልትሄድ ነው ብሏቸዋል። እሳቸውም አምነው በምግብ ይቀጡኛል። ሞጣ ይቅርብኝ እንድል። ስለ እኔ አይደለም፣ ስለ ሽሯቸው ነው። ማን ያጥብልኝ፣ ማን ያብስልልኝ። ለራሱ ብቻ የሚኖር ሽማግሌ። እዚያ ሁሉ ጸሎት ውስጥ እኔ የትኛው መስመር ላይ እንዳለሁ እንጃ።

ይኸውልሽ ሌላም። የስንቱን ገበሬ ልጅ ግቢያችን ውስጥ ዜማና ቅኔ አስተማሩ። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ጋን እያጠብኩ ሁሉንም በጆሮዬ ያዝኩ። አንድ ተማሪ ሲሳሳት ከእሱ በፊት አውቅ ነበር። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ፣ አንቺስ ብለው አልጠየቁኝም። አሁን በአርባ አንድ ዓመቴ ሰው ቤት ተደብቄ ጣቴን እቆጥራለሁ። አጥፍቻለሁ?

ተበድያለሁ። ጻፍኩት፣ አለቀ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 22

የቦታው ፈተና ተሰጠ። የሥራ ጥያቄው አልከበደኝም። ባ. ከኋላዬ ተቀምጦ ጣቶቼን ሲያይ ነበር፤ ሳስብ ጠረጴዛ እመታለሁ፣ ለምጄ። ሲወጣ ደህና ሠራሽ? አለኝ። እንዴት ያለ ጥያቄ ነው? ደህና አልኩት። ምንም ደህና የለም።

አባባ ዛሬም ከእትዬ የሺ ቤት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 24

መንገድ ተዘግቷል፤ ሞጣ ቀረ። በሬን ዘግቼ ካርቶኔን አወጣሁ። የፒያኖውን ቁልፎች በእስክሪብቶ የሣልኩበት የብስኩት ካርቶን ነው፤ መሪጌታ ቤት ኦርጋን አይገባማ። አንድ ሰዓት ያለ ድምፅ መታሁ። ስከፍት አባባ ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል። ምን ያህል እንደቆሙ አላውቅም። ካርቶኑን አዩት። ፊታቸው እናቴ የሞተች ቀን የነበረው ፊት ነው። ዞረው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

አሁን ፈራሁ። ይኼ የሽሮ ጉዳይ አይመስልም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 26። 11 ሰዓት

ቆይ፣ በሥርዓት ልጻፍ።

እትዬ የሺ ቢሮ ድረስ መጡ። ወደ ውጭ ጎትተው፣ ግራ ቀኝ አይተው፣ «እታለም፣ እውነት ጴንጤ ሆነሻል?» አሉኝ።

ሳቄ መጣ። ሳቄን ሲያዩ አለቀሱ። ከዚያ እንደ ክስ መዝገብ ዘረዘሩልኝ። ማተቤን በጥሻለሁ። የማኅበር ጽዋ አልቀመስኩም። በየቅዳሜው ሞጣ ኦርጋን የሚመታበት ቤት እገባለሁ፤ ያቺ ነጠላ የለበሰችው የእሳቸው የአክስት ልጅ ናት። ንጋት ላይ ብቻዬን እየሮጥኩ በማይታወቅ ቋንቋ እጸልያለሁ። ምን እያልኩ? አልኳቸው። «ዶሬሚ፣ ዶሬሚ» አሉ።

ማተቡን ረስቼው ነበር። ሦስት ሳምንት ባዶ አንገቴን ይዤ በዚህ ከተማ ስዞር፣ ሰው ክሳቴን የሚያይ መስሎኝ። እዚያው ሱቅ ገብቼ ጥቁር ክር ገዛሁ። መስቀሏን ከቦርሳዬ አውጥቼ አሰርኳት።

ባ. ከአባባ ጋር ምን አወራ? እትዬ የሺ እንዳሉኝ፣ አዲስ ቤቱን እንዲመርቁለት ነው የጠየቃቸው። በቃ። ቢሆንም አላምነውም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 27

ለአባባ ሁሉን ነገርኩ። ስኳሩን፣ ሩጫውን፣ ሃምሳ አለቃን፣ ካርቶኑን። ከእግራቸው ስር ተቀምጬ፣ ከመጀመሪያው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

ማተቡን አዩና ይኼ የትናንት ክር ነው አሉ። አዎ፣ የድሮው ተበጠሰ አልኩ። በጠስሽው ወይስ ተበጠሰ? ተበጠሰ። ስትሮጪ? ስሮጥ። ከማን ስትሮጪ?

«ከስኳር፣ አባባ።»

«ሰሙን ሰማሁ» አሉኝ፤ «ወርቁ ወዴት አለ?»

ወርቅ የለውም፣ ሰም ብቻ ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። አምሳ ዓመት ቅኔ አስተምረዋል። አምሳ ዓመት፣ ላይ ላዩን የተባለው እንዳያታልላችሁ፣ ከስሩ ሌላ አለ ሲሉ ኖረው እንዴት የኔን ደረቅ ነገር ይመኑ? ክር ተበጠሰ ስላቸው ሃይማኖት ይሰማሉ። ጠላ አልጠጣም ስላቸው ሌላ ጽዋ ይፈልጋሉ። ብምል መሐላውን ይፈቱታል።

እኔስ? ባ. ደህና ሠራሽ ሲለኝ ስንት ትርጉም አወጣሁለት። የማንን ደም ይዤ።

ሲነሱ፣ የፊታችን ሰኞ አምበር ከተማ ወንድሜ ጋ እንደሚሄዱ ነገሩኝ። ለጥየቃ ነው? አልኩ። አይደለም አሉ። መጻሕፍታቸውን እየሰበሰቡ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 29

ውጤት ተለጠፈ። አንደኛ እኔ። የሞጣው ቡድን መሪነት የኔ ነው። ባ. እጄን ጨብጦ ይገባሻል አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ፈልጌም አጣሁበት።

ሞጣ ሁለት ክፍል ቤት ለመከራየት አስቤ ነበር፤ ፀሐይ የሚገባበት ለአባባ። አሁን ለማን? ዜናውን የምነግረው ሰው የለኝም። ለአንቺ ነገርኩ። ቤት ስገባ ሁለት ጆንያ መጽሐፍ በር ላይ ቆሟል። ሩጫ የለም፣ የጣት ልምምድ የለም። አለቀስኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 1

ሞጣ አልሄድኩም። ሃምሳ አለቃ ደወሉ፤ እኔው መጥቼ ለመሪጌታ ልንገራቸው አሉ። አይሆንም አልኩ። ኦርጋን መቺው ለኦርጋን ቢመሰክር ማን ያምነዋል።

ምስክር ያስፈልገኛል። አባባን የማያውቅ፣ እኔን ለማዳን ብሎ የማይናገር። ነገሩ በሆነበት ቀን የተናገረ፣ ሰው ይሰማኛል ብሎ ያላሳመረ።

አንቺን እየገለበጥኩ ቆየሁ። ጥቅምት 5 ላይ ሁሉ አለ። ክሩ፣ ላቡ፣ አስፋልቱ። ወርቅ የሌለው ሰም ማለት አንቺ ነሽ።

ግን ጥቅምት 17ም አለ።

እሑድ፣ ኅዳር 2። ጠዋት 3 ሰዓት

አባባ ከማኅሌት አልተመለሱም። ሌሊቱን ሲቆሙ አድረው፣ አስቀድሰው ነው የሚመጡት። ነገ ጠዋት መኪናው ይመጣል።

ጥቅምት 17ን ቀድጄ ላወጣው ነበር። ጠርዙን ይዤ ጀምሬም ነበር፤ ትንሽ ተተርትሯል። ከዚያ አሰብኩ። ዓይናቸው ፊደል አይለይም፣ ጆሯቸው ግን አንድ ቃል ሲዘለል ያውቃል። ዕድሜ ልካቸውን ተማሪ የዘለለውን ሲያርሙ ኖረው! መዝለሌን ከሰሙ በዘለልኩት ስር ሌላ ወርቅ ይፈልጋሉ። በዚያ ላይ እውነቱ፣ እንዲሰሙትም እፈልጋለሁ። ስድቡን አይደለም፤ የግድግዳውን። ጋን ሳጥብ ሁሉን እንደያዝኩ። አንቺስ እንዳላሉኝ።

ስለዚህ ወሰንኩ። ሁሉንም አነብላቸዋለሁ፣ ከመጀመሪያው እስከዚህ። «ለራሱ ብቻ የሚኖር ሽማግሌ» የሚለውን ጭምር፣ ድምፄን ሳልቀንስ። ከዚያ በኋላ አምበር ከሄዱ፣ ቢያንስ በሚጠረጥሩት ሳይሆን በጻፍኩት ይሄዳሉ።

ሞጣ ያለውን ቤት ስልክ ደውዬ አላስያዝኩም። ፒያኖውንም አልተውም፤ ይኼንንም አነብላቸዋለሁ።

የግቢው በር ተከፈተ። መቋሚያቸው ድንጋዩ ላይ ይሰማል፣ ቀስ ይላሉ ዛሬ። በሩ ጋ ቆመዋል። ጫማ እያወለቁ ነው። አባባ፣ ቁጭ ይበሉልኝ ልላቸው ነው፣ አንድ የማነብልዎ…