ዳገቱ አናት ላይ ስለተለካው የደም ግፊታችን

ለተከበሩ የሰፈሮች አኗኗር ልማድና ጤና አጥኚ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ወላይታ ሶዶ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበቱ? እንቅልፍዎ፣ ምግብዎ፣ በተለይም የደም ግፊትዎ እንዴት ነው? እኔ ኮሚቴዎ ስለ ሰፈራችን ባወጣው ጥናት እንደተነገረልኝ ሳልሆን፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። በአገራችን ወግ ሳሮ ብዬ፣ ስለ እኔ ብለው ከወንበርዎ እንዳይነሱ እየለመንኩ፣ ከታች ሰፈር ሆኜ እጅ እነሳለሁ።

ፈጠነች ጩማ እባላለሁ፤ የአንድ ትምህርት ቤት ጸሐፊና የሶልያና እናት ነኝ። ባለቤቴ አቶ ቶማ እንደ እኔ ያለ ተጠራጣሪ ፍጡር እንዳላየ ለሰው ሁሉ ያወራል፤ ጎረቤት አንድ ጭልፋ ወጥ ሲልክልኝ እንኳ ዛሬ ምን ተገኘ ብዬ እጠይቃለሁ። አልክድም። የኮሚቴዎን ውጤት በአዳራሽ ከሰማሁ ወዲህ ግን ጠባዬ ብሶብኛልና፣ ይህን ደብዳቤ እንደ ሕመሜ ምልክት ቆጥረው ይቅር እንዲሉኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

በዕለቱ ያልነበሩ አንባቢዎች እንዳይቸገሩ ነገሩን ላስረዳ። ባለሙያዎችዎ በአንድ ዳገት የምንዋሰነውን ላይ ሰፈርንና ታች ሰፈርን አጥንተው፣ ላይ ሰፈር ጤነኛ፣ ታች ሰፈር ደግሞ በደም ግፊት የተጠቃ ሆኖ እንዳገኙት አበሰሩን። ምክንያቱም ልማዳችን ነው ተባለ፤ ጥሬ ሥጋ እናበዛለን፣ በቃሪያ የምንደቁሰው ማባያችን ዳጣም ጨው ይበዛበታል፣ የሰውነት እንቅስቃሴም አንወድም። በዚህም መሠረት ጤና ኬላችን ከጥር ወር ጀምሮ ለሞዴል ሰፈርነቱ ሽልማት ይሆን ዘንድ ወደ ላይ ሰፈር እንዲዛወር፣ ለእኛ ለታመምነው ደግሞ በየሳምንቱ በድምፅ ማጉያ ትምህርት እንዲሰጠን ሐሳብ አቀረባችሁ፤ ሐሳባችሁም ጸደቀ። ለጤነኛው ጤና ኬላ፣ ለበሽተኛው ድምፅ ማጉያ! እግዜር ይስጥልን፤ እንዲህ ያለ አሳቢ በየዘመኑ አይገኝም። ይሁንና ልቤ ያልተቀበላቸውን ጥቂት ነገሮች እነሆ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ የመለኪያው ጠረጴዛ የተዘረጋው ከዳገቱ አናት፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ነበር። ስለ ጥላውና ስለ ነፋሻው አየር እናመሰግናለን። ላይ ሰፈሮች አስፋልቱን ተሻግረው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ወንበር ላይ አረፍ ብለው ሲያወጉ ቆይተው ተለኩ። የእኛ ሰፈሯ ወይዘሮ ቦሼ ግን የሚያስፈጩትን በቆሎ በጀርባቸው እንደ ተሸከሙ ዳገቱን ጨርሰው ብቅ ሲሉ፣ ሸክሙን በቅጡ ሳያወርዱ ተጠርተው፣ ልባቸው እየዘለለ ክንዳቸውን ሰጡ። ቁጥሩን ያየው ወጣት ባለሙያ ደንግጦ ዳጣ ያበዙ እንደሆነ ጠየቃቸው። የጤና ኬላችን ባለሙያ ንግሥቲ ማንንም ሳታሳርፍና ትንፋሹ ሳይመለስ ለክታ እንደማታውቅ፣ ይህም በሙያው የታወቀ ሥርዓት እንደሆነ ስሰማ፣ ኮሚቴው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ነው ብዬ ለማመን ብዙ ታገልኩ። እስካሁን አልተሳካልኝም።

ሁለተኛ፤ የሰውነት እንቅስቃሴን በተመለከተ የቀረበልን ጥያቄ በሳምንት ስንት ጊዜ ስፖርት እንሠራለን የሚል ነበር። ላይ ሰፈሮች እሑድ እሑድ ቱታ ለብሰው ሜዳውን እንደሚዞሩ ተናገሩ፤ ይበርቱ። ወይዘሮ ቦሼ ደግሞ ስፖርት የሚባል ነገር በዕድሜያቸው ሠርተው እንደማያውቁ በቅንነት መለሱ። ጠዋት ውኃ ከቦኖ፣ ከሰዓት በቆሎ ወደ ወፍጮ፣ ማታ ቦይና የሚባለውን ሥራሥር ከጓሮ ቆፍሮ ማምጣት ስፖርት ተብሎ እንደሚጠራ ማንም አልነገራቸውማ! በአዳራሽ የታች ሰፈር ሴቶች እንቅስቃሴ አይወዱም ተብሎ ሲነበብ ወይዘሮ ቦሼ አጠገቤ ነበሩ፤ እውነት መስሏቸው አፍረው አንገታቸውን ደፉ። እኔ በዚህ ተናድጃለሁ፤ በጨዋ ደብዳቤ ውስጥ እንዲህ መጻፍ ነውር ከሆነ ነውሩን እኔው እወስደዋለሁ።

ሦስተኛው የበሬው ጉዳይ ነው። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ ቅርጫ እንገባለን። የእኛ ቅርጫ ከአባቶቻችን ጀምሮ የሁለቱም ሰፈር ነው፤ በሬው ከቦዲቲ ገበያ ተገዝቶ ይመጣል፣ አንድ ላይ ይታረዳል፣ እኩል ተመድቦ በዕጣ ይከፋፈላል። ዘንድሮ ከእኛ መደብ ቀጥሎ የነበረው የላይ ሰፈሩ የአቶ አብርሃም ነው። ጥሬውን የበላነው በአንድ ቀን ነው፤ እንዲያውም ባለቤታቸው እታፈራሁ የእኔን ዳጣ ስለምትወድ አንድ ጣሳ ሙሉ ወስዳለች። ታዲያ አቶ አብርሃም በጤናማ አመጋገባቸው በአዳራሹ ፊት ተጨብጭቦላቸው የምስክር ወረቀት ሲቀበሉ፣ እኔ እንደ በሽታ ምሳሌ ተቆጥሬ ቁጭ አልኩ። ያ በሬ ሲከፋፈል ደም ግፊቱ በሙሉ ወደ ታች ሰፈር መደብ የወረደው በምን ዘዴ ነው? ዕጣውን ያወጡት ሽማግሌ ዓይናቸውን ጨፍነው እንደነበር ዓይኔ አይቷል።

አራተኛ፤ አጭር ነች። ውጤታችሁ ገና ሳይነበብ፣ ሜትር የያዙ ሁለት ሰዎች የጤና ኬላውን ክፍሎች ሲለኩና ስንት የቢሮ ጠረጴዛ እንደሚይዝ ሲመካከሩ አይቻለሁ። ማን እንደላካቸው ስጠይቃቸው ስለ አየሩ ጠባይ አጫወቱኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ ይህንንም ከመጥፎ ልማዶቼ ተርታ እንዲመዘግቡልኝ እለምናለሁ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ስቄ ላልፈው እችል ነበር። በታች ሰፈር ብዙ ነገር ስቀን አሳልፈናል። ያላሳለፈኝ የልጄ ነገር ነው።

ሶልያና የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። እግሯና ፊቷ አብጧል፣ ራሷን ያማታል፣ የደም ግፊቷም እውነተኛ ነው፤ ተቀምጣ፣ አርፋ፣ ደጋግማ ተለክታ የተገኘ ነው። ሆስፒታል ያያት ሐኪም መድኃኒት ሰጥቷት፣ እስክትወልድ ድረስ ግፊቷ በየጊዜው እንዲለካ፣ ከፍ ካለም ሳትዘገይ እንድትመጣ፣ ደረጃና ዳገት እንዳትወጣ አዘዛት። እስካሁን ንግሥቲ ናት የምትለካት፤ ከደጃችን እስከ ጤና ኬላው ያለው መንገድ ደልዳላ ነው፣ ጥላ ሥር እያረፈች ትደርሳለች። በጥር ግን ጤና ኬላው ዳገቱ አናት ላይ ይሆናል። ያ ዳገት ጎርፍ የቦረቦረው ድንጋያማ ስለሆነ ባጃጅ አይወጣውም፤ በአስፋልቱ የሚዞሩትም ዝናብ ከጣለ ጭቃውን ፈርተው ወደ እኛ አይወርዱም። እንግዲህ ልጄ ዳገት እንዳትወጣ ያዘዛትን ሐኪም ቃል ለመጠበቅ ዳገት ወጥታ መለካት አለባት ማለት ነው። ስትደርስ ቁጥሩ ከፍ ቢል፣ የሕመሟ ይሁን የመንገዱ ማን ይለይላታል? እኔ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ኮሚቴዎ ለሶልያና የሰጣትን ምክር አልረሳሁም። ያን ዕለት እሷም ከበሯ ተጠርታ ነበር፤ ዳገቱን መውጣት እንደማትችል ስትናገር ባለሙያው ሳይለካት ዳጣ ቀንሺ ብሎ ላከባት። ከሰፈሩ ሁሉ በእርግጥ የታመመችው አንዷ እሷ ነበረች። ያልተለካችውም እሷው ነች።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የምጠይቀው ይህን ነው፤ ጠረጴዛችሁን ይዛችሁ ወደ ታች ውረዱ፣ ወንበር እኛ እናቀርባለን፣ አሳርፋችሁ ለኩን። ውጤቱ ያው ከሆነ ዳጣዬን በገዛ እጄ እደፋለሁ። ጤና ኬላው ግን ቢያንስ ልጄና እንደ እሷ ያሉት በሰላም እስኪገላገሉ ካለበት እንዳይነቃነቅ፣ ጤነኞቹ ላይ ሰፈሮችም በቱታቸው ሮጠው ወደ እኛ እንዲመጡ ይፍቀዱልን። ቁልቁለቱ ለእነሱ ጥሩ ስፖርት ነው።

የአንድ ሰፈር ሰው የሚበላውን፣ የሚጠጣውንና የሚያፍርበትን ሁሉ አጥንታችሁ፣ የሚሄድበትን መንገድ ብቻ ስላላያችሁልን የጠለቀ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ለእርስዎና ለኮሚቴዎ አባላት ረጅም ዕድሜን፣ የሰከነ የልብ ምትንና ደልዳላ መንገድን ከልብ እመኛለሁ።

ከማይነሣ አክብሮት ጋር፣
በጥናታችሁ እንቅስቃሴ የማትወደው
ፈጠነች ጩማ
ከታች ሰፈር፣ ወላይታ ሶዶ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ የሶልያና ልጅ ገና አልተወለደም። ጥሬ ሥጋ አልበላም፣ ዳጣ አልቀመሰም፣ ስፖርትም አልጠላም። በጥር እናቱ ዳገቱን ስትወጣ አንድ ነገር ቢሆን፣ ከየትኛው መጥፎ ልማዱ የመጣ ነው ብላችሁ እንደምትጽፉ ከአሁኑ ብታሳውቁኝ ደስ ይለኛል።